የመሠረቱ ሜዳልያ፦ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ዳግማዊ ሕይወት

ወደ ሮም ተጉዞ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ የተሳለመ ምእመን ሁሉ ጉልላቱን ሽቅብ አንጋጦ ሳያይ አይመለስም። ጉልላቱን የተሸከሙት አራቱ ታላላቅ አዕማድ ግን የቆሙበትን መሠረት ማየት አይቻልም። ከአራቱ በአንደኛው ሥር፣ ዛሬ የቅድስት ቬሮኒካ ሐውልት በሚገኝበት ዐምድ መሠረት፣ አሥራ ሁለት ሜዳልያዎች የያዘ የሸክላ ዕቃ ተቀብሯል። ሁለቱ የወርቅ፣ የቀሩት የነሐስ ነበሩ። እነዚያን ሜዳልያዎች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀመጡ ያደረጉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ዳግማዊ ናቸው። የእኒህ አባት ሕይወት ብዙ የሚያስደንቅም ብዙ የሚያሳዝንም ነገር አለበት፤ ሁለቱንም ሳንሸሽግ ብንመለከት ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ለምናንጽ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዳቸውና አስተዳደጋቸው

ዩልዮስ ዳግማዊ ከመመረጣቸው በፊት ጁሊያኖ ዴላ ሮቬሬ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በ1443 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፣ በሊጉርያ የባሕር ዳርቻ ለሳቮና ከተማ ቅርብ በሆነችው በአልቢሶላ ነው። ቤተ ሰባቸው ባለጸጋ አልነበረም። ይሁን እንጂ አጎታቸው አባ ፍራንቸስኮ ዴላ ሮቬሬ በትምህርታቸው የታወቁ የፍራንቸስካውያን መነኩሴ ስለ ነበሩ፣ ጁሊያኖም በእርሳቸው ጥበቃ ሥር ሆነው በዚያው ማኅበር ትምህርታቸውን ተከታተሉ።

በ1471 ዓ.ም. አጎታቸው ሲክስጦስ 4ኛ ተብለው ወደ ሐዋርያዊው መንበር ወጡ። የሲስቲና ጸሎት ቤት የተሠራውም የተሰየመውም በእኒሁ አባት ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ጁሊያኖ ገና በሃያ ስምንት ዓመታቸው ካርዲናል ሆኑ፤ ከሰንሰለቱ የተነሣ የቅዱስ ጴጥሮስ ዘእስራት ተብሎ የሚጠራውም የሮም ቤተ ክርስቲያን ተሰጣቸው። ከዚያም በኋላ አቪኞንንና ቦሎኛን ጨምሮ ብዙ አህጉረ ስብከት በየጊዜው በስማቸው ሆኑ። ኤጲስ ቆጶሱ ሀገረ ስብከቱን ሳያይ ገቢውን የሚቀበልበት ልማድ በዚያ ዘመን የተስፋፋ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም በኋላ በትሬንቶ ጉባኤ ይህን አጥብቃ ተቃውማ አስተካክላዋለች። ጁሊያኖ ካርዲናል ሳሉ ፌሊቼ የምትባል ሴት ልጅ ወልደዋል። ይህን መናገር ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን የታወቀ ታሪክ ስለሆነ ሰውሮ ማለፍ ለቤተ ክርስቲያን ክብር አይጨምርም።

ስደትና ምርጫ

በ1492 ዓ.ም. የጁሊያኖ ተቀናቃኝ የነበሩት ካርዲናል ሮድሪጎ ቦርጂያ አሌክሳንደር 6ኛ ተብለው ተመረጡ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ አብረው መኖር ስላልቻሉ ጁሊያኖ መጀመሪያ ወደ ኦስትያ ምሽጋቸው፣ ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። እዚያም ንጉሥ ሻርል 8ኛ ወደ ኢጣልያ እንዲዘምት ከገፋፉት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ1494 ዓ.ም. ከተጀመረው ከዚያ ዘመቻ በኋላ ኢጣልያ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የባዕዳን ጦር መፈንጫ ሆነች። ጁሊያኖ በኋላ እድሜያቸውን የጨረሱት ያን የጠሩትን ጦር ከአገር ለማስወጣት ሲታገሉ ነው።

አሌክሳንደር 6ኛ በነሐሴ ወር 1503 ዓ.ም. ዐረፉ። የተተኩት ፒዮስ 3ኛም በመንበሩ አንድ ወር እንኳ ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚያም የተሰበሰቡት ካርዲናሎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጁሊያኖን መረጡ፤ ኅዳር 1 ቀን 1503 ዓ.ም. ምርጫው ታወጀ፤ ዩልዮስ ዳግማዊም ተባሉ። ምርጫው እንዲህ የፈጠነው ጁሊያኖ አስቀድመው ለመራጮች ብዙ ነገር ቃል በመግባታቸውና በመስጠታቸው ነው። ሆኖም ራሳቸው በዚያ መንገድ የመጡ አባት በ1505 ዓ.ም. መንፈሳዊ ሥልጣንን በገንዘብ መግዛትን፣ ማለትም ሲሞናዊነትን፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ምርጫ ላይ የሚከለክል ጥብቅ ድንጋጌ አወጡ። ካለፈው ጥፋታቸው ጋር ሲነጻጸር ግብዝነት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ድንጋጌው ግን ከእርሳቸው በኋላ ለመጡት ጠቅሟል።

የመሠረቱ ቀን

በዚያን ጊዜ በሐዋርያው መቃብር ላይ የቆመው በአራተኛው መቶ ዘመን በቄሣር ቆስጠንጢኖስ የታነጸው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያገለገለው ሕንጻ ግድግዳው አዘንብሎ፣ ጣሪያው አርጅቶ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የነበሩት ኒኮላዎስ 5ኛ ሊያድሱት ጀምረው ሳይፈጽሙ ዐርፈዋል። ዩልዮስ ዳግማዊ ግን ከማደስ አልፈው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱ ለማነጽ ወሰኑ፤ ሥራውንም ለአርክቴክቱ ለዶናቶ ብራማንቴ አስረከቡ።

መሠረቱ የተጣለው ኤፕሪል 18 ቀን 1506 ዓ.ም. ከትንሣኤ በዓል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነበር። ለመጀመሪያው ዐምድ የተቆፈረው ጉድጓድ እጅግ ጥልቅ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስድሳ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑም ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ወደ ታች ወረዱ፤ ድንጋዩንም ባርከው አኖሩ። ሜዳልያዎቹ የተቀመጡት በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በአንድ ቀን አስቀድሞ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። ዩልዮስ በ1505 ዓ.ም. ወጣቱን ሠዓሊና ቀራጺ ሚኬላንጄሎን ከፍሎረንስ አስጠርተው በአርባ ያህል ሐውልቶች የተከበበ መቃብር እንዲሠራላቸው አዝዘውት ነበር። የባዚሊካው አሳብ ሲመጣ ግን መቃብሩ ቸል ተባለ፤ ለእብነ በረድ የከፈለውን ገንዘብ ሊጠይቅ ሲመጣም ከበር ተመለሰ። ሚኬላንጄሎ ተቆጥቶ ኤፕሪል 17 ቀን፣ መሠረቱ ሊጣል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሮምን ጥሎ ወጣ። በዚያ ዐምድ ላይ የሚያርፈውን ጉልላት ከአርባ ዓመት በኋላ የሚነድፈው እርሱ ራሱ እንደሚሆን በዚያ ቀን ማንም አልገመተም።

ሜዳልያው ምን ያሳያል?

ሜዳልያውን የሠራው ካራዶሶ ፎፓ የተባለ የሎምባርድያ አንጥረኛ ነው። በዚያ ዘመን የነሐስ ሜዳልያ የሚሠራው አስቀድሞ ምስሉን በሰም ቀርጾ፣ ከዚያ ሻጋታ አውጥቶ፣ የቀለጠ ነሐስ በማፍሰስ ነበር። ከዩልዮስ በፊት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 2ኛም ባሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳ ውስጥ ሜዳልያ እንዲቀበር ያደርጉ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ልማድ የአሠሪውንና የዘመኑን ስም ለመጪው ትውልድ ለማኖር የታሰበ ነው። ከተቀበሩት ሌላ ለታላላቅ ሰዎች የተሰጡ ነበሩና ጥቂቶች እስከ ዛሬ ደርሰዋል፤ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየምና በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

ሜዳልያው በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ወርዱ ስድስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነው። በአንዱ ገጹ ዩልዮስ ዳግማዊ ጢም የሌላቸው፣ ራሳቸው የተገለጠ፣ ካባ የለበሱ ሆነው ይታያሉ፤ በዙሪያውም የሊጉርያ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። በሌላው ገጽ የታሰበው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ተቀርጿል፤ በመካከል ሰፊ ጉልላት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ማማዎች ቆመዋል። የላቲኑ ጽሑፍ ስፍራው የቫቲካን ኮረብታ መሆኑንና ሥራው የጴጥሮስ ቤተ መቅደስ መታደስ መሆኑን ያስረዳል። ሕንጻው ከመሠረቱ አዲስ ቢሆንም የተመረጠው ቃል መታደስን የሚያመለክት ነው። አንጥረኛውም ሆኑ አሠሪው ሥራቸውን ከጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ አድርገው ማየታቸውን ከዚህ እንረዳለን።

በሜዳልያው ላይ ያለው ሕንጻ ግን በዚያ መልኩ ከቶ አልቆመም። ማማዎቹ የሉም፤ ጉልላቱም ሌላ ነው። ሜዳልያው የፍጻሜ ምስክር አይደለም፤ ገና ያልታየን ነገር በተስፋ ያሳየ ምስል ነው።

የቦሎኛው ሐውልት

መሠረቱ ከተጣለ ከጥቂት ወራት በኋላ ዩልዮስ ጦር ይዘው ወጡ። ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ዘመናት ከቤተ ክርስቲያን ግዛት የተነጠቁ ከተሞችን ለማስመለስ ወደ ፔሩጂያና ወደ ቦሎኛ ዘመቱ፤ በኅዳር ወር 1506 ዓ.ም. ድል አድርገው ቦሎኛ ገቡ። የሸሸው ሚኬላንጄሎም ወደዚያ መጥቶ ታረቃቸው። ዩልዮስም ተቀምጠው ሲባርኩ የሚያሳይ፣ ከሕያው ሰው እጅግ የገዘፈ የነሐስ ሐውልት እንዲሠራ አዘዙት። ሐውልቱ በየካቲት ወር 1508 ዓ.ም. በቅዱስ ፔትሮንዮ ቤተ ክርስቲያን ዋና በር ላይ ቆመ። ቦሎኛ የማን እንደሆነች ለሕዝቡ ዘወትር የሚያስታውስ ነበር።

ጦርነቱ ግን በዚያ አልቆመም። ዩልዮስ አንድ ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር በቬኔስያ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ከቬኔስያ ጋር በፈረንሳይ ላይ ተሰለፉ። በጥር ወር 1511 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው በበረዶ ውስጥ የሚራንዶላን ምሽግ ከበው፣ ግንቡ ሲፈርስ በመሰላል ተሻግረው ገቡ። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጸም ያዩ የዘመኑ ሰዎች እጅግ ተሰናከሉ፤ ከወዳጆቻቸውም መካከል ያዘኑ ነበሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦሎኛ እንደ ገና ከእጃቸው ወጣች። ቀደምት ገዦቿም ተመለሱ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻም ሕዝቡ ያን ታላቅ የነሐስ ሐውልት ከበሩ ላይ አውርዶ ሰባበረው። ስብርባሪውን የፌራራው መስፍን አልፎንሶ ወሰደው፤ አቅልጦም መድፍ አሠራበት፤ መድፉንም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ላይ ተዘባብቶ ጁልያ ብሎ ጠራው።

እነሆ የአንድ ሰው ሁለት የነሐስ ምስሎች! ታላቁ ድልን ለማሳየት በአደባባይ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የጦር መሣሪያ ሆነ። ታናሹ የጸሎት ቤት ሲጀመር ከምድር በታች ተቀበረ፤ በላዩም ቤተ ክርስቲያን ቆመ።

ለቤተ ክርስቲያን የሠሩት

ዩልዮስን በጦረኝነታቸው ብቻ መፍረድ ግን ፍትሕ አይሆንም። በ1506 ዓ.ም. መቶ ኀምሳ የስዊስ ወታደሮች ሮም ሲገቡ ዛሬም የሚያገለግለውን የስዊስ ዘብ መሠረቱ። በ1508 ዓ.ም. ሚኬላንጄሎን የሲስቲናን ጸሎት ቤት ጣሪያ እንዲስል አዘዙት፤ ሥዕሉ በ1512 ዓ.ም. ተፈጽሞ ተገለጠ። ራፋኤል የተባለው ወጣት ሠዓሊም በቫቲካን የሚኖሩባቸውን ክፍሎች በሥዕል እንዲያስጌጥ አደረጉ። በ1511 ዓ.ም. አዲስ በታወቀው የአሜሪካ ምድር የመጀመሪያዎቹን አህጉረ ስብከት አቋቋሙ። ጥቂት ካርዲናሎች በፈረንሳይ ንጉሥ ድጋፍ በፒዛ ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያንን ሊከፍሉ በተነሡ ጊዜም በግንቦት ወር 1512 ዓ.ም. አምስተኛውን የላተራን ጉባኤ በሮም ከፈቱ። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1513 ዓ.ም. በባዚሊካው ውስጥ የሚያገለግል የመዘምራን ማኅበር መሠረቱ፤ ካፔላ ጁልያ የሚባለው ይህ ማኅበር እስካሁን ድረስ በቅዱስ ጴጥሮስ ይዘምራል። መድፉና መዘምራኑ በአንድ ስም ተጠርተዋል፤ መድፉ ጠፍቷል፤ ዝማሬው ይሰማል።

የሕንጻው ዋጋ

ይህን የመሰለ ሕንጻ ያለ ብዙ ገንዘብ አይቆምም። ዩልዮስ ለሕንጻው ገንዘብ ለሚረዱ ምእመናን ኢንዱልጀንሲያ ፈቀዱ። ኢንዱልጀንሲያ ማለት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት ኃጢአቱን ተናዝዞ ይቅርታ ላገኘ ምእመን ከኃጢአቱ የሚቀረው ጊዜያዊ ቅጣት የሚሰረይበት ጸጋ ነው። የኃጢአት ይቅርታ በገንዘብ ይገዛል ማለት ፈጽሞ አይደለም። ለበጎ ሥራ ምጽዋት መስጠትም ነውር የለበትም። ነገር ግን የተተኩት ልዮን 10ኛ ፈቃዱን ባስፋፉት ጊዜ፣ በጀርመን አገር ሰባክያኑ ለሕዝቡ ያቀረቡበት መንገድ ጸጋውን ከገበያ ዕቃ የማይለይ አደረገው። ከተሰበሰበውም ገንዘብ ከፊሉ የአንድ ሊቀ ጳጳስ የሹመት ዕዳ መክፈያ ሆነ። በ1517 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ተቃውሞውን ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ዩልዮስ የከፈቱት የላተራን ጉባኤም የቤተ ክርስቲያንን ሕይወት ለማደስ በቂ ሥራ ሳይሠራ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ የምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች መለያየት ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ አንዱ በር የተከፈተው ለዚህ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲሰበሰብ ነው። የአንድነት መንበር በሆነው በጴጥሮስ መቃብር ላይ ሕንጻው ከፍ ሲል፣ ሕያዋን ድንጋዮች የሆኑት ምእመናን ተለያዩ። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ተምራለች፤ የትሬንቶ ጉባኤ የኢንዱልጀንሲያን ትምህርት አጽንቶ ሳለ የገንዘብ ትርፍን ከእርሱ ለየ።

ሌላም ዋጋ ነበረ። ብራማንቴ ጥንታዊውን ባዚሊካ ሲያፈርስ እጅግ ቸኮለ። ብዙ ጥንታውያን አዕማድ፣ የመቃብር ሐውልቶችና ሥዕሎች ሳይጠበቁ ጠፉ። የሮም ሰዎችም አፍራሹ የሚል ስም አወጡለት።

ዕረፍታቸውና የሕንጻው ፍጻሜ

ዩልዮስ ዳግማዊ በፌብሩዋሪ ወር 1513 ዓ.ም. ከ20 ለ21 አጥቢያ ሌሊት ዐረፉ። በዚያ ጊዜ ከሕንጻው የቆሙት አራቱ አዕማድና የሚያገናኟቸው ቅስቶች ነበሩ። ብራማንቴም በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ሥራው ከአርክቴክት ወደ አርክቴክት ተላለፈ፤ ንድፉም ደጋግሞ ተለወጠ። ሚኬላንጄሎ በሰባዎቹ የእድሜ ክልል ሳለ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በ1564 ዓ.ም. ሲሞትም ጉልላቱ ገና አልተደፈነም ነበር። ጉልላቱ በ1590 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ የፊት ለፊቱ ግንብ በ1612 ዓ.ም. ቆመ፤ ባዚሊካው ኅዳር 18 ቀን 1626 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ተቀደሰ። መሠረቱ ከተጣለ መቶ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ጉድጓድ ዙሪያ ከቆሙት ሰዎች አንድ እንኳ ፍጻሜውን አላየም። የብራማንቴ ንድፍ ቢለወጥም፣ በእርሱ ጊዜ የቆሙት አዕማድ ተጠናክረው ዛሬም ጉልላቱን ተሸክመዋል።

የአርባ ሐውልቶቹ መቃብርም አልተሠራም። በ1545 ዓ.ም. የተፈጸመው እጅግ ያነሰ መታሰቢያ በቅዱስ ጴጥሮስ ዘእስራት ቤተ ክርስቲያን ሲገኝ፣ የሚኬላንጄሎ የሙሴ ሐውልት በእርሱ ላይ ነው። የዩልዮስ አፅም ግን ባስጀመሩት ባዚሊካ ውስጥ ከአጎታቸው ከሲክስጦስ ጋር፣ በወለሉ ላይ በተነጠፈ ተራ ድንጋይ ሥር ዐርፏል። ጎብኚው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል።

ከባዚሊካው ጀርባ ያለችው ቤተ ክርስቲያን

ይህ ታሪክ የእኛንም አገር ይነካል። ከባዚሊካው ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያውያን ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የዩልዮስ አጎት ሲክስጦስ 4ኛ በመንበሩ በነበሩበት ዘመን፣ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች እንደ ተሰጠች ይነገራል። ታላቁ ጥንታዊ ባዚሊካ ሲፈርስ ይህች ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ሳትነካ ቀረች። በሮም የነበሩት አባቶቻችን የመዶሻና የመጋዝ ድምፅ እየሰሙ በግእዝ ይጸልዩ ነበር። ዩልዮስ ባረፉበት በዚያው በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ከእነዚህ መነኮሳት የግእዝን ቋንቋ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። በ1548ና በ1549 ዓ.ም. ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ አሳተሙ። በ1919 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ በኋላም በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ወደ ተሠራለት ሕንጻ ተዛወረ።

ለእኛ የቀረ ትምህርት

ውድ አንባብያን፣ በየቁምስናችን የጸሎት ቤት ለማነጽ ድንጋይ ስናነሣ፣ አሸዋ ስንሸከም፣ መዋጮ ስንሰበስብ እነዚህን ሁለት የነሐስ ምስሎች እናስታውስ። መሠረት ስንጥል ፍጻሜውን ለማየት አንጓጓ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው ከእኛ እድሜ ቢረዝም ተስፋ ልንቆርጥ አይገባም። የጀመርነው ንድፍ በተተኪዎቻችን እጅ ቢለወጥም አንዘን፤ ዐምዱ ጠንክሮ ከቆመ ሌላው ጉልላቱን ይጨምርበታል።

ከዚህ ይልቅ ልንፈራው የሚገባን የሕንጻውን ገንዘብ የምንሰበስብበት መንገድ ነው። ድኻው አምስት ብር ሲሰጥ በነጻ ፈቃዱ መስጠቱን፣ ጸጋን ለመግዛት አለመምጣቱን፣ የሰጠውም በታመነ እጅ መግባቱን ካላረጋገጥን፣ ግድግዳው ሲቆም ሕዝቡ ይፈርሳል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ለሕፃናቱ ስትነግሩ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ድክመት ሳትሸሽጉ፣ መልካሙንም ሳትቀንሱ ብትነግሯቸው መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያን የቆመችው በአገልጋዮቿ ቅድስና ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልደረሰችም ነበር።

አሥራ ሁለቱ ሜዳልያዎች በጨለማ ውስጥ ናቸው፤ የተሠሩትም ሰው እንዲያያቸው ሳይሆን በላያቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ ነው። ስማችን ከበር በላይ ባይጻፍም፣ በተሰወረ ስፍራ ያኖርነውን ታናሽ ነገር የሚያይ እግዚአብሔር ሥራችንን ይባርክልን።